ዳኛና ጎረቤት

«በሕግ አምላክ!» የሚለውን ቃል ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ አለ ለማለት ያዳግታል። ሁለት ሰዎች በመንገድ ተጣልተው ዱላ ሲነሣ፣ ድንጋይ ሲለቀም፣ ከወዲያ ማዶ አንድ መንገደኛ ይህችን ቃል ሲጮህ የተነሣው ዱላ ባለበት ይቆም እንደ ነበር አባቶቻችን ይነግሩናል። ዘበኛ በሌለበት፣ ጠመንጃ በሌለበት፣ የሕግ ስሙ ብቻ እጅን ያስር ነበር ማለት ነው። የእንዲህ ያለ አገር ልጆች ሆነን ሳለ፣ ሕጉን ተምረው በየወረዳው በዳኝነት፣ በዐቃቤ ሕግነትና በጥብቅና የሚሰማሩት ጓደኞቻችን ኑሯቸው ምን እንደሚመስል ሲጻፍ ብዙም አላየሁም። ስለ ሕጉ ይጻፋል፤ ስለ ፍትሕም ይጻፋል፤ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ከገበያተኛው ጋር አንድ ጭቃ የሚረግጠው ሰው ግን ተረስቷል።

ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ወዳጅ አለኝ። እርሱ ሕግ ተማረ፤ እኔ ወደ ጽሕፈቱ አዘነበልሁ። ሥልጠናውን ጨርሶ በአንዲት ወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ ከተሾመ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። የከተማይቱን ስም አልጽፍም፤ ከዚህ በታች የምተርከው ነገር ባለቤቶች ዛሬም በዚያው ገበያ ስለሚገናኙ ነው። አንድ ሰፊ መንገድ፣ አንድ የቅዳሜ ገበያ፣ ሁለት ቤተ ክርስቲያንና አንድ መስጊድ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት የተደረደሩ ሻይ ቤቶች ያሏት ከተማ ናት ብል፣ አንባቢ ቢያንስ ሃምሳ ከተማ ያስባል፤ የእኔም አሳብ ይኸው ነው። ባለፈው ጥር አሥር ቀን ያህል እርሱ ዘንድ ሰነበትሁ። ቀን ቀን ከችሎቱ የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ፤ ማታ ማታ ከእርሱ ጋር እንጨዋወታለን።

በትልቅ ከተማ የሚኖር ዳኛ ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ከወረደ በኋላ ማንም አያውቀውም። ታክሲ ተሳፍሮ ከሕዝቡ ጋር ይቀላቀላል፤ ጠዋት የፈረደበት ሰው ማታ ከጎኑ ቢቀመጥ እንኳ ሁለቱም ልብ ሳይሉ ሊለያዩ ይችላሉ። በትንሽ ከተማ ግን እንዲህ ያለ መሸሸጊያ የለም። ወዳጄን ፀጉሩን የሚያስተካክለው ሰው፣ ወንድሙ በድብደባ ተከሶ ስድስት ወር የተፈረደበት ነው፤ የፈረደውም ያው ወዳጄ ነው። ምላጩ አንገቱ ላይ ሲያልፍ ምን እንደሚሰማህ ብዬ ብጠይቀው፣ ሰውዬው ከፍርዱ በኋላ ከቀድሞው ይልቅ ተጠንቅቆ እንደሚላጨው እየሳቀ ነገረኝ። ሌላ ፀጉር አስተካካይ ለምን አትሄድም ብለው ደግሞ፣ ሌላው የመሬት ክርክር አለበት አለኝ።

በተሾመ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ኩንታል ጤፍ በአህያ ተጭኖ ከተከራየበት ግቢ ደረሰ። ነጂው ልጅ «ከዘመድ ነው» ከማለት በቀር ስም አልያዘም። ወዳጄ በዚያ አገር ዘመድ የለውም። ጤፉን አልቀበልም ቢል ልጁ አውርዶት ሄደ፤ ቢመልሰው የሚመልስበት ቤት አይታወቅም። በመጨረሻ ሁለት ሰው ጠርቶ እያዩለት ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት አስጭኖ ላከው፤ ባለቤቱ ቀርቦ እንዲወስድም ማስታወቂያ ተለጠፈ። አንድም ሰው አልቀረበም። ነገሩ ያስቃል፤ ነገር ግን ወጣቱ ዳኛ ያን ወር በደመወዙ ጤፍ መግዛት ከብዶት ሽሮውን በዳቦ ይበላ እንደ ነበር ሲነግረኝ ሳቄን አቆምሁ።

ስለ ሰላምታም ላንሣ። በአገራችን ደንብ ሽማግሌ ሲያልፍ ብድግ ይባላል፤ ልቅሶ ይደረሳል፤ ሰርግ ሲጠሩ ይኬዳል። ዳኛው ከሰርጉ ቢቀር «ኮራ» ይባላል፤ ቢሄድ ከማን አጠገብ እንደ ተቀመጠ፣ ማን እንዳጎረሰው በማግሥቱ ገበያው ሁሉ ያወራዋል። ወዳጄ ያገኘው መላ እንዲህ ነው። ልቅሶ ሁሉ ይደርሳል፤ ሰርግ አይሄድም። በልቅሶ ቤት ማንም ማንንም አያሞግስም፤ የሚቀርበውም ንፍሮ ነው፤ ንፍሮ ደግሞ ጉቦ ተብሎ አያውቅም። ይህን ደንብ ከመጽሐፍ አላገኘውም፤ ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት የኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው ያስተማሩት። እኔ እንደሚመስለኝ ከዚህ የተሻለ የዳኝነት ሥነ ምግባር ትምህርት በአዳራሽ አይሰጥም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ወዳጄ ምሳውን በወር ሒሳብ የሚበላው ከአንዲት ወይዘሮ ዘንድ ነበር። ወይዘሮዋ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ከመናኸሪያው ጀርባ በከፈቷት ትንሽ ምግብ ቤት ሦስት ልጆች ያሳደጉ፣ በከተማይቱ የተከበሩ ሴት ናቸው። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ አንድ የእህል ነጋዴ 18 ሺሕ ብር አበድሩኝ አላቸው። የሴት ልጁ የክርስትና እናት ናቸውና አበልጅነት አለ፤ እንዲህ ባለ ዝምድና መካከል ወረቀት የሚባል ነገር አይነሣም። ብሩን ከሣጥን አውጥተው ከምግብ ጠረጴዛው ላይ ቆጥረው ሰጡት። በዚያች ሰዓት ከቤቱ ውስጥ ሦስት ደንበኞች ነበሩ። አንዱ ወዳጄ ነው። ሽሮውን እየበላ የብሩን መቆጠር በዓይኑ አይቷል፤ ነጋዴው «በመስቀል እመልሳለሁ» ሲልም በጆሮው ሰምቷል።

መስቀል አለፈ፤ ኅዳርም ገባ፤ ብሩ አልመጣም። ወይዘሮዋ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላኩ። ነጋዴው መጀመሪያ ቀን ይሰጠኝ አለ፤ በኋላ ግን ጨርሶ አልተበደርሁም ብሎ ካደ። ስለዚህ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ ከሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄደው ክሱን አስጻፉ።

ስለዚህ ጸሐፊ ጥቂት ቃል ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ዱሮ የጽሕፈት መኪና ነበረው፤ ዛሬ አሮጌ ኮምፒዩተርና ማተሚያ አለው፤ መብራት ሲጠፋ ግን ወደ እስክሪብቶው ይመለሳል። የሕጉን ቁጥር በቃሉ ያውቃል። ባለጉዳዩ ሦስት ዐረፍተ ነገር ይነግረዋል፤ እርሱ ሦስት ገጽ ያደርገዋል። «ብሬን ይመልስልኝ» የሚለው የወይዘሮዋ ነገር በእርሱ እጅ ሲያልፍ «ተከሳሽ ሕግንና ሞራልን ወደ ጎን በመተው፣ በማን አለብኝነት» የሚል ሆኖ ወጣ። ባለጉዳዮች ይህን ሲያነቡላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ቁጣቸው የተጻፈላቸው ይመስላቸዋል። ዳኛው ግን ከሦስቱ ገጽ ውስጥ ያችን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ፍለጋ ሲደክም ይውላል።

መዝገቡ ተከፍቶ ወደ ወዳጄ ችሎት ተመራ። ስሙን እንዳየ ብዕሩን አንሥቶ ከጉዳዩ ተነሣ፤ ምክንያቱንም በመዝገቡ ላይ ጻፈ። መዝገቡ በዚያው ፍርድ ቤት ወዳለው ወደ ሁለተኛው ዳኛ ተላለፈ። ይህን ያህሉ ቀላል ነው፤ ሕጉም የሚያዝዘው ይህንኑ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ዳኛ ከሕግ በስተቀር በሌላ ነገር እንደማይመራ ይናገራል፤ የሚያውቃትን ሴት ሽሮ እየበላ በእርሷ ጉዳይ የሚፈርድ ሰው ደግሞ በሕግ ብቻ ተመርቻለሁ ቢል ማን ያምነዋል? ከባዱ ነገር ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

የክሱ መሰማት ቀን እኔ በዚያ ነበርሁ። ወይዘሮዋ ነጭ ቀሚስ ለብሰው ቀረቡ፤ ምስክሮቻቸውንም ከደጅ አስቀምጠዋል። ሁለተኛው ዳኛ ሰከን ያሉ ሰው ናቸው። ነጋዴውን ተበድረሃል ወይ አሉት፤ አልተበደርሁም አለ። ወደ ወይዘሮዋ ዞረው የውል ወረቀት አለዎት ወይ አሏቸው። ወይዘሮዋ ጥያቄው እንደ ስድብ ተሰማቸው፤ «ልጁን ክርስትና ያነሣሁለትን ሰው ወረቀት ልጠይቀው ኖሯል?» አሉ። ከአግዳሚው የነበረው ሰው ሁሉ በአንድነት አጉረመረመ፤ ማጉረምረሙም ለወይዘሮዋ ነበር።

እንግዲህ ሕጉ የሚለውን አንባቢ ይስማ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2472 እንዳስቀመጠው፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ሊረጋገጥ የሚችለው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ የእምነት ቃል፣ ወይም በመሐላ ብቻ ነው። ምስክር አይሰማም። ሦስት ምስክር ቢቀርብ፣ ሠላሳም ቢቀርብ፣ የከተማው ሰው በሙሉ ተሰልፎ ቢመሰክር ዋጋ የለውም። ከሦስቱ ምስክሮች አንዱ የፍርድ ቤቱ ዳኛ ራሱ ቢሆንም ዋጋ የለውም። ወዳጄ በዚያች ሰዓት ከጎን ካለው ቢሮ ተቀምጦ የሌላ ሰው መዝገብ ያነብ ነበር፤ ወይም የሚያነብ መስሎ ተቀምጦ ነበር። እውነቱን በዓይኑ ያየ ሰው፣ ሕግ የተማረ ሰው፣ ማኅተም ያለው ሰው፣ ለዚያች ሴት ግን አንዲት ሳንቲም ሊያስመልስላት አልቻለም።

ማታ ስንገናኝ ሕጉን ተሳደብሁ። እርሱ ግን ተከራከረኝ። ይህ ሕግ ያለ ምክንያት አልተጻፈም አለ። በመሸታ ቤት ሁለት ብርሌ ተጋብዞ ያላየውን አየሁ የሚል ምስክር በየአገሩ ሞልቷል፤ ብድር በምስክር ይረጋገጥ ቢባል፣ ነገ አንዱ ተነሥቶ መቶ ሺሕ ብር አበድሬሃለሁ ቢልህ በምን ትከላከላለህ? ወረቀት የደካማው ጋሻ ነው። ይህን ሲል ትክክል እንደ ሆነ ተሰማኝ፤ ነገር ግን የወይዘሮዋ ፊት ከዓይኔ አልጠፋም። ሌሊቱን ስናወጣ ስናወርድ አንድ ነገር ላይ ተስማማን፤ እርሱም የገንዘቡ ልክ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ 3367 ቁጥሮች አሉት። በዚያ ዘመን 500 ብር ጥማድ በሬ ገዝቶ የሚተርፍ ገንዘብ ነበር። ሕግ አውጪው ትልልቁ ብድር በወረቀት ይሁን፤ የጎረቤት የትንሽ የትንሽ ብድር ግን እንደ ልማዱ በምስክር ይለቅ ማለቱ ነበር። ዛሬ 500 ብር አንድ ደኅና ዶሮ አይገዛም። የገንዘቡ ዋጋ ሲወርድ ቁጥሩ ባለበት ቆመ፤ እንዲህ በመሆኑ ለትልልቅ ነጋዴ የተሰፋው ልብስ ቀስ በቀስ የጎረቤቱን ሁሉ ትከሻ ሸፈነ። ሕጉ አንድ ፊደል ሳይለወጥ ሌላ ሕግ ሆነ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ለማደስ ብዙ ሊቅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ከገበያ የሚውል አንድ ሰው ይበቃል።

ሽማግሌዎች ግን ነገሩን ከዚህም ወደ ኋላ ስበው ያዩታል። ከችሎቱ ግቢ የተቀመጡ አንድ አዛውንት የዱሮውን ሙግት ሲያወሩኝ አረፈዱ። ዱሮ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ከነጠላ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይሄዱ ነበር፤ መንገደኛም ቢሆን ዳኛ ሁነን ከተባለ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ያይላቸው ነበር። ተሟጋቹ «በላ ልበልሃ» ብሎ ይነሣል፤ ልብሱን አደግድጎ፣ በትሩን እየነቀነቀ፣ ነገሩን በምሳሌና በግጥም ያወርደዋል፤ በቅሎ ይወራረዳል፤ ማር ይወራረዳል። የተረታም ቢሆን አፉ ካማረ ስሙ ይነሣለታል። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ የራሱ ጠበቃ ነበር ለማለት ይቻላል። ዛሬ ግን አንድ ገበሬ በዚያ ወግ ሊናገር ብድግ ሲል፣ ዳኛው «አባባ፣ ጭብጡን ይንገሩኝ» ይላሉ። ጭብጥ የሚለው ቃል ለገበሬው ጭብጦን ያስታውሰዋል እንጂ የክርክር ፍሬ ነገር መሆኑን አያውቅም፤ እኔም ያን ቀን አንድ ሰው ስንቁን የተጠየቀ መስሎት ግራ ሲጋባ አይቻለሁ።

ይህን ስል ዱሮውን ለማወደስ አይደለም። በዱሮው ሙግት አፈ ቅዱሱ ድኻ በአፈኛው ሀብታም ይረታ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ሴት ደግሞ በሸንጎ ለመቆም ስንት ነገር ያግዳት ነበር። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በቁጥር 3347 ከእርሱ በፊት የነበረውን ልማዳዊ ደንብ ሽሮ፣ ሁሉ በአንድ ሕግ ይተዳደር ማለቱ ታላቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ በወረቀት የተሻረ ልማድ ከሰው ልብ አይሻርም። በዚያች ከተማ በዓል በሚከበርበት ቀን፣ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በባለ ወልድ፣ ፍርድ ቤቱ ይሞላል፤ ገበሬው ሞፈርና ቀንበር ስለማይነካ ክሱን ይዞ ይመጣል። ከመጡትም ብዙዎቹ ችሎት ሳይገቡ ከግቢው ዋርካ ሥር በሽማግሌ ታርቀው ይመለሳሉ። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ይህን በር አልዘጋም፤ ተከራካሪዎች በማናቸውም ጊዜ በስምምነት ቢጨርሱ፣ ስምምነቱ በፍርድ ቤት ሊመዘገብ ይችላል። በ1930ዎቹ ማብቂያ የተቋቋመው አጥቢያ ዳኛም ቢሆን አስቀድሞ ማስታረቅን፣ ካልሆነለት መፍረድን እንዲሞክር የታሰበ ነበር።

የወይዘሮዋ መዝገብ በዚሁ በር ነው የወጣው፤ ግን አንባቢ እንደሚያስበው በደስታ አልነበረም። ዳኛው ምስክሮቹን መስማት እንደማይችሉ ካስረዱ በኋላ፣ ሕጉ የቀረውን አንድ በር ገለጡላቸው፤ ይኸውም መሐላ ነው። ወይዘሮዋ ወዲያው «ይማልልኝ!» አሉ። ችሎቱ ጸጥ አለ። ያ ጠዋት የካደ ነጋዴ፣ በጽሑፍ መልሱ ሁለት ገጽ ሙሉ የካደ ሰው፣ ማል ሲባል እጁን ወደ ኪሱ ከተተና ቀጠሮ ይሰጠኝ አለ። ለምን ቢሉት፣ አሞኛል አለ። ዳኛው ሃያ ቀን ሰጡት።

በሃያው ቀን ውስጥ የሆነውን በወዳጄ ደብዳቤ ነው የሰማሁት። የነጋዴው የንስሐ አባት ሳይቀሩ ሽማግሌ ሆኑ። ነጋዴው እህሉ ነቅዞበት መክሰሩን፣ ሙሉውን መክፈል እንደማይችል ተናገረ። ከ18 ሺሑ 11 ሺሕ ብር በሦስት ጊዜ እንዲከፍል ተስማምተው ስምምነቱ በፍርድ ቤት ተመዘገበ፤ መዝገቡም ተዘጋ። የመጀመሪያው ክፍያ ገብቷል። ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸዋል፤ ዳኛውም መዝገብ በመዝጋታቸው ደስ ብሏቸዋል። ወይዘሮዋ ግን አልተደሰቱም። በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች የሚለውን ተረት እየጠቀሱ፣ ሰባቱን ሺሕ ሕግ በላብኝ ይላሉ። እኔ በበኩሌ ሊፈረድባቸው አይገባም እላለሁ። ዕርቅ ጥሩ ነው ተብሎ ሲነገር፣ ብዙ ጊዜ ከኪሱ የሚቀነስለት ያው የተበደለው ሰው መሆኑ አይነሣም።

ወዳጄስ? ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳውን ሌላ ቤት ይበላል። ወይዘሮዋ አላባረሩትም፤ እንዲያውም ለምን ቀረህ ብለው ልጃቸውን ልከውበታል። ነገር ግን እዚያ ቢበላ ነጋዴው ሁለቱ ዳኞች መክረው ጨረሱኝ ይላል፤ ባይበላ ወይዘሮዋ ይቀየማሉ። ከሁለቱ የወይዘሮዋን ቅያሜ መረጠ። የአዲሱ ቤት ወጥ ጨው ይበዛበታል ሲል በደብዳቤው ጽፎልኛል፤ ስለዚህ ነገር የጻፈውም ይህን ብቻ ነው።

በከተማይቱ ያሉት ሁለት ጠበቆች ኑሮ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ጠዋት አንዱ ለከሳሽ፣ ሌላው ለተከሳሽ ቆመው፣ ከዛሬ ወዲያ የማይነጋገሩ እስኪመስል ድረስ ይፋጃሉ። በስድስት ሰዓት ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ባለጉዳዮቹ ይህን በመስኮት አይተው «ሸጡን» ይላሉ። እውነቱ ግን እርስ በርሳቸው የሚጨዋወቱት ሌላ ሰው ስለሌላቸው ነው። ታላቁ ሲነግሩኝ፣ ጠበቃ የደንበኛውን ጠብ ተከራይቶ ይይዛል እንጂ አይገዛውም፤ በስድስት ሰዓት ይመልሰዋል አሉ። ያልመለሱ ጓደኞች ነበሯቸው። አንዱ ከመጠጥ ቤት አልወጣ ብሎ ፈቃዱን አጣ፤ ሌላው በደንበኛው ነገር ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ በገዛ ስሙ ይከሳል፣ ይከሰሳል።

ለዳኛውም ያለው አደጋ ይኸው ነው፤ መልኩ ብቻ ይለያል። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲዋሽ የሚሰማ ጆሮ ማታም ውሸት ፍለጋ ይውላል። ወዳጄ አንድ ቀን ከእናቱ ጋር በስልክ ሲነጋገር «አዎን ወይም አይደለም ብለሽ መልሺልኝ» ብሏቸው፣ እናቱ ስልኩን ዘጉበት። ከዚያ በኋላ ደንብ አወጣ። መዝገብ ወደ ቤቱ አይወስድም፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ልብሱን ለውጦ በአስፋልቱ ዳር እስከ ወንዙ ድልድይ ድረስ ይሄዳል። በመንገድ ጉዳዩን የሚያነሣበት ሰው ካጋጠመው የሚመልስለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በቀጠሮዎ ቀን በችሎት»። መጀመሪያ ሰው ተቆጣ፤ በኋላ ለመደ፤ አሁን ሕፃናት ሳይቀሩ እርሱ ሲያልፍ «በችሎት! በችሎት!» እያሉ ይከተሉታል። እሑድ እሑድ ደግሞ ከመምህራኑ ጋር ኳስ ይጫወታል። ዳኛውን ገፍቶ መጣል የሚፈቀደው በዚያ ሜዳ ላይ ብቻ ስለ ሆነ ተመልካቹ ብዙ ነው።

በዚህ ዓመት የሕግ ትምህርታችሁን የምትጨርሱ ጓደኞቼ ይህን ስታነቡ ወረዳ መሄድ ቅጣት እንዳይመስላችሁ። የሕግ ትምህርት ቤት በአገራችን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ከፍርድ ወንበር የተቀመጡት ብዙዎቹ ሕግን ከሥራው እንጂ ከትምህርት ቤት አላገኙትም። እናንተ ቁጥሩን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ እዚያ የሚጠብቃችሁ ደግሞ ያ ቁጥር በሰው ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ ነው። በግብርና፣ በገቢዎች፣ በጤና ለምትመደቡትም ነገሩ አይለይም፤ ግብር የምትተምኑበት ባለሱቅ ማታ ሻማ የምትገዙበት ያው ሰው ነው።

አንድ የቀጠሮ ነገርም አለ፤ ሳልነግራችሁ አልለፍ። ወዳጄ ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጡ ባለጉዳዮች ቀጠሮውን ከገበያ ቀን ዋዜማ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ማድረግ ጀመረ። አራት ሰዓት በእግር የሚመጣ ሰው ዓርብ ፍርዱን ሰምቶ፣ ከዘመድ አድሮ፣ ቅዳሜ ጨውና ዘይቱን ገዝቶ ይመለሳል። ሕግ አልተለወጠም፤ በጀት አልተጠየቀም። ቀርቶ የሚዘጋው መዝገብ ግን ቀነሰ፤ በየቀጠሮው ሳይቀርቡ የሚቀሩት ሰዎች እምቢተኞች ሳይሆኑ ደካሞች እንደ ነበሩም ታወቀ።

በመጨረሻው ደብዳቤው ሌላም ወሬ ጽፎልኛል። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው የፎቶ ኮፒ ሱቅ የብድር ውል ቅጽ አዘጋጅቶ መሸጥ ጀምሯል። የአበዳሪ ስም፣ የተበዳሪ ስም፣ የገንዘቡ ልክ በአኃዝና በፊደል፣ የሚመለስበት ቀን፣ ከታች የሁለት ምስክሮች ፊርማ። ወይዘሮዋ አሥር ቅጽ ገዝተው ከቡናው ረከቦት ሥር ካለው መሳቢያ አስቀምጠዋል። አንዲት ጎረቤታቸው ለልጇ ትምህርት ሦስት ሺሕ ብር ልትበደር መጥታ ነበር፤ ወረቀቱን ስታይ ቡናዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች።